የሻገተው ስንቅ

ባለፈው ዓመት በጸሎት ቡድናችን ቴሌግራም ላይ የአንድ ሕፃን ፎቶ መጣ። አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቷል። «ስለ እግዚአብሔር ድረሱልን» ይላል፤ ከሥሩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለ። ዐይኔ እንባ አቀረረ። የቻልኩትን አስገባሁ፤ ለአራት ግሩፕም ፎርዋርድ አደረግኩት።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እህት ያንኑ ፎቶ ከዓመታት በፊት ከተለጠፈበት አገኘችው። ልጁ ያው ነው፤ የሂሳብ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። እኔን አምነው ከላኩት መካከል የዕለት ጉርሳቸውን በቀን ሥራ የሚያገኙ ነበሩ። ይህን ሳስብ እስካሁን ያመኛል።

ያን ሰሞን መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9ን ደጋግሜ አነበብኩ። የከነዓን ከተማ የገባዖን ሰዎች፣ እስራኤላውያን በኢያሪኮና በጋይ ከተሞች ላይ ያደረጉትን ሰምተው ፈርተዋል። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጡ መንገደኞች መስለው፣ ቃል ኪዳን ግቡልን ለማለት ወደ እስራኤል ሰፈር ወደ ጌልገላ መጡ። አህዮቻቸው ላይ ያረጀ ስልቻና የተቀደደ አቁማዳ፣ እግራቸው ላይ የተጠጋገነ ጫማ። እንጀራቸው ደርቆ ሻግቷል። ከቤት ስንወጣ ትኩስ ነበር አሉ።

እስራኤላውያን ጨርሶ አልተሞኙም። «ምናልባት ጎረቤቶቻችን ብትሆኑስ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ቁጥር 7 ላይ አለ። ጥርጣሬው መጥቶላቸው ነበር። ግን ስንቁን አይተው ዝም አሉ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፦ ሻጋታው እውነተኛ ሻጋታ ነበር! ውሸቱ የነበረው ስለ ሻጋታው በተነገረው ታሪክ ውስጥ ነው። የሕፃኑም ፎቶ እውነተኛ ፎቶ ነበር።

እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ፣ በሕይወት ሊተዉአቸው ማሉላቸው። በሦስተኛው ቀን ሰዎቹ እዚያው አጠገባቸው የሚኖሩ መሆናቸው ተሰማ። ሦስት ቀን ብቻ ቢታገሡ ኖሮ! መሐላው ግን መሐላ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም ስለማሉ ሊያፈርሱት አልቻሉም። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ጥሶት ገባዖናውያንን ገደለ፤ በዳዊት ዘመንም በዚሁ ምክንያት ሦስት ዓመት ረኃብ ሆነ።

አንዳንዶቻችን «መጠየቅ እምነት ማጣት ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። የቤርያ ሰዎች ግን የሰበከላቸው ጳውሎስ ሆኖ ሳለ «ነገሩ እንዲህ ይሆንን?» ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። የሐዋርያት ሥራ 17፥11 «ልበ ሰፊዎች» ይላቸዋል። ያው ጥቅስ ቃሉን በሙሉ ፈቃድ ተቀበሉ ይላል። መረመሩም፣ ተቀበሉም። ጥያቄ ሲነሣበት የሚቆጣ አገልጋይ ሳይ፣ እኔ እዚያ ጋ ቆም እላለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እኛን ደስ የሚያሰኘን ወሬ ነው። ስለማንወደው ሰው፣ ስለሌላው ቤተ እምነት፣ ስለሌላው ብሔር ክፉ ነገር ሲወራ ማስረጃ ማን ይጠይቃል? «እኔስ ብዬ ነበር» ብለን እናስተላልፋለን። ዘጸአት 23፥1 «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ይላል። አትናገር ብቻ ሳይሆን አትቀበል! ትእዛዙ ወሬውን ለፈጠረው ብቻ አይደለም፤ ስልኩን ይዞ ለተቀመጠውም ነው። ወሬው የሚነካው ሰው ቤት አለው፤ ልጆች አሉት። እኛ ለማጣራት አምስት ደቂቃ ስንሰስት እሱ በር ላይ ድንጋይ ሊወረወርበት ይችላል።

ባለፈው ወር ሌላ የእርዳታ ጥሪ መጣ። ሌላ ሕፃን፣ ሌላ ቁጥር። ጸለይኩና ስልኩን ደወልኩ። እናቲቱ አነሣች። የተኛበትን ሆስፒታልና የክፍሉን ቁጥር ነገረችኝ። በማግስቱ ከዚያች እህት ጋር ብርቱካን ይዘን ሄድን። ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ብርቱካኑን ሲያይ እጁን ዘረጋ።