ጣሪያቸው የሚከፈት የቅንጦት መኪናዎች፦ አሠራር፣ ንጽጽርና ባለቤትነት

በተለምዶ ኮንቨርቲብል የሚባለው የቅንጦት መኪና ጣሪያው እንደ አየሩ ሁኔታ ታጥፎ ወደ ኋላ የሚገባና ሲፈለግ ተመልሶ የሚዘረጋ፣ በውስጣዊ ምቾትም ሆነ በሞተር ጉልበት ጣሪያው ድፍን ከሆነው አቻው እንዳያንስ ተደርጎ የሚሠራ ተሽከርካሪ ነው። ገዢዎች እነዚህን መኪናዎች ሲያነጻጽሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፈረስ ጉልበትና ከፍጥነት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ የዋጋ ደረጃ ጉልበት የሚያንሰው መኪና የለም ማለት ይቻላል። አንዱን ከሌላው በእውነት የሚለየው የጣሪያው አሠራርና ጣሪያው በመነሣቱ የጎደለውን ጥንካሬ ፋብሪካው የተካበት ብልሃት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በአብዛኛው ክፍት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ውድ የነበረው ጣሪያና መስታወት ያለው ነው። የተዘጋ አካል በርካሽ መሠራት ከጀመረበት ከ1920ዎቹ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ክፍት መኪና የምርጫና የአቅም ምልክት ሆነ። በ1930ዎቹ ፈረንሳዊው ዦርዥ ፖላን የነደፈው፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሣጥን የሚገባ የብረት ጣሪያ በፔዦ መኪናዎች ላይ ዋለ። አሜሪካዊው ፕሊማውዝ በ1939 ያለ ሰው እጅ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ፎርድ ደግሞ ከ1957 እስከ 1959 ስካይላይነር የተባለውን ባለ ተጣጣፊ ብረት ጣሪያ መኪና ሠራ።

ክፍት መኪና ለረጅም ጊዜ የክብር ሰልፍ መኪናም ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ከፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጋር ጣሪያው በተነሣ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው በሕዝብ መካከል አልፈዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 1956 ዓ.ም.፣ ኬኔዲ በዳላስ ከተማ በክፍት መኪና ላይ እንዳሉ ተገደሉ፤ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በክፍት መኪና መጓዛቸው ከሞላ ጎደል አብቅቷል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የደኅንነት ደንቦች ክፍት መኪናን ጨርሰው ይከለክላሉ የሚል ሥጋት ነገሠ። ካዲላክ ለ1976 የሠራው ኤልዶራዶ የመጨረሻው አሜሪካዊ ኮንቨርቲብል ነው ተብሎ በመታወጁ 14,000 ያህሉ ተሸጡ፤ የመጨረሻዎቹ 200ዎቹም ነጭ ቀለም ተቀብተው ለመታሰቢያ ወጡ። ብዙዎች ዋጋው ይጨምራል ብለው ገዝተው አስቀመጡ። የተፈራው ክልከላ ሳይመጣ ቀረ፤ ካዲላክም ለ1984 ኤልዶራዶን በኮንቨርቲብል መልክ መልሶ ሲያወጣ፣ የመጨረሻ ተብለው የገዙት ሰዎች ክስ እስከመመሥረት ደረሱ። መኪናን እንደ ወርቅ አስቀምጦ ለማትረፍ ለሚያስብ ሁሉ ይህ ታሪክ ዛሬም ሊነገረው የሚገባ ነው።

ከአውሮፓ መኪናዎች የክፍት መኪናን ዕድገት ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው የሜርሴዲስ ቤንዝ ኤስኤል ነው። በ1957 የወጣው 300 ኤስኤል ሮድስተር 1,858 ብቻ የተሠራና ዛሬ በጨረታ እጅግ ውድ ከሚባሉት የሚመደብ ነው። ከ1963 እስከ 1971 የተሠራው ተከታዩ ፓጎዳ በሚል ቅጽል ይታወቃል፤ ተነቃይ የብረት ጣሪያው መሐሉ ገባ ብሎ ጠርዞቹ ከፍ ያሉ ናቸው። በግጭት ጊዜ የሚጨማደድ የፊትና የኋላ አካል የተበጀለት የስፖርት መኪና በመሆኑም ለደኅንነት ታሪክ ባለውለታ ነው። አር 107 የሚባለው ትውልድ ከ1971 እስከ 1989 ሳይቋረጥ ተሠርቶ ቁጥሩ 237,287 ደርሷል። በዚያ በሥጋቱ ዘመን መሐንዲሶቹ የፊት መስታወቱን የሚይዙትን ምሰሶዎች በጣም አጠንክረው፣ መኪናው ቢገለበጥ የተሳፋሪውን ራስ እንዲጠብቁ አድርገዋል። በ1989 የመጣው አር 129 ደግሞ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ተኝቶ የሚቆይ፣ መኪናው ሊገለበጥ ሲል በ0.3 ሰከንድ ብድግ የሚል የብረት ቅስት ይዞ ወጣ። ለአንገት የሚነፍሰውን ነፋስ የሚሰብረው የመረብ መከላከያም የተለመደው በእርሱ ነው።

ጣሪያና አካል

የዘመኑ መኪና ወለሉ፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይደው ጭነቱን በጋራ የሚሸከሙ ናቸው። ጣሪያው ሲነሣ የሚሆነው ክዳኑ በተነሣ የጫማ ካርቶን ላይ የሚሆነው ነው፤ አካሉ በቀላሉ ይጠማዘዛል። ጉድጓድ ባለበት መንገድ ላይ ዳሽቦርዱና የፊት መስታወቱ ሲንቀጠቀጡ፣ ስፖኪዮው ላይ የሚታየው ምስል ሲርገበገብ መንስኤው ይኸው ነው። ፋብሪካዎች ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ በማወፈር፣ ከወለሉ በታች አግድም ደጋፊዎችን በመጨመርና ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ጠንካራ ግድግዳ በማቆም ጉድለቱን ይተካሉ። ዋጋው ክብደት ነው። በ2019 የወጣው ባለ 12 ሲሊንደር ቤንትሊ ኮንቲኔንታል ድፍኑ 2,244 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ጣሪያው የሚከፈተው ግን 2,414 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የ170 ኪሎ ግራም ልዩነት ማለት ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ሁልጊዜ ጭኖ እንደመጓዝ ነው።

ጣሪያው ሲከፈት የሚሆነውን በቅርብ ማየት ለምን ውድ እንደሆነም ያስረዳል። ቁልፉ ሲጫን በመጀመሪያ የበሮቹ መስታወቶች ጥቂት ዝቅ ይላሉ። ከፊት መስታወቱ አናት ላይ ያሉት መቆለፊያዎች ይለቃሉ፤ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ያለው ሰፊ ክዳን ይነሣል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከር ትንሽ ፖምፓ ጣሪያውን ወደሚያንቀሳቅሱት ሲሊንደሮች ዘይት ሲገፋ፣ አጥንቶቹ ከእነሸራው ተጣጥፈው ወደ ማረፊያቸው ይወርዳሉ፤ ክዳኑም ይዘጋል። እያንዳንዱ እርምጃ መጠናቀቁን ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅ አነስተኛ ማብሪያ ወይም ሴንሰር አለው። ከነዚህ አንዷ ብቻ ካልሠራች ኮምፒውተሩ ጣሪያውን ተከፍቶ ሳያልቅ መሐል ላይ ያቆመዋል።

ጣሪያው ሸራ ይሁን ብረት የሚለው ክርክር ረጅም ዘመን አስቆጥሯል። ሜርሴዲስ በ1996 በኤስኤልኬ፣ በ2001 ደግሞ በኤስኤል ላይ ተጣጣፊ የብረት ጣሪያ ሲያመጣ የሸራ ዘመን ያበቃ መስሎ ነበር፤ ጸጥታው፣ ለሌባ አለመመቸቱና ክረምት ከበጋ ማገልገሉ አሳማኝ ነበሩ። ነገር ግን ብረቱ ከባድ ነው፤ ሲታጠፍ የዕቃ መጫኛውን ይውጠዋል፤ ለእርሱ ቦታ ለመስጠት ሲባልም የመኪናው ኋላ ይወፍራል። ሸራው በበኩሉ በድርብርብ ሥራ ጸጥታን ተምሯል። በ2020 የቢኤምደብሊው 4 ሲሪስ፣ በ2021 ኤስኤል ራሱ ወደ ሸራ ተመልሰዋል፤ ኤስኤል በዚህ ብቻ 21 ኪሎ ግራም ቀንሷል። ፌራሪም በ2023 ባወጣው ሮማ ስፓይደር፣ ከፊት ሞተር ባላቸው መኪናዎቹ ላይ ከ1969 ወዲህ ያልታየውን የሸራ ጣሪያ መልሷል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ክርክሩ በሸራ አሸናፊነት ተዘግቷል።

ንጽጽር

ከ2016 እስከ 2023 የተሠራው ሮልስ ሮይስ ዶውን የምቾት ጫፍ ነው። ባለ 6.6 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር ሞተሩ 563 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በሮቹ ማጠፊያቸው ከኋላ ሆኖ ከፊት ጠርዛቸው በኩል የሚከፈቱ ሲሆኑ፣ ባለ ስድስት ድርብ ጣሪያው ሲዘጋ ውስጡ ድፍን መኪና ያህል ጸጥ ይላል። ትልቁ ብልጫው ግን አራት አዋቂዎችን ያለ ችግር ማስቀመጡ ነው፤ በዚህ ረገድ የሚወዳደሩት ጥቂት ናቸው። አዲስ ሳለ ዋጋው ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ነበር።

ቤንትሊ ኮንቲኔንታል ጂቲሲ ለራሱ መንዳት ለሚወድ ባለቤት ይበልጥ ይስማማል። የ2019ኙ ትውልድ 626 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ጣሪያው መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ በ19 ሰከንድ ይከፈታል፤ ከአንገት ሥር ሞቅ ያለ አየር የሚነፍስ መቀመጫም አለው። ከ2024 ጀምሮ ባለ 12 ሲሊንደሩ ቀርቶ ባለ 8 ሲሊንደር ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ተጣምሯል። የኋላ መቀመጫው ከዶውን ጋር አይወዳደርም።

አዲሱ ኤስኤል በአንጻሩ ቀልጣፋ ነው፤ ጣሪያው በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት በ15 ሰከንድ ይከፈታል። የዕቃ መጫኛው ጣሪያው ሲዘጋ 240 ሊትር፣ ሲከፈት 213 ሊትር ይይዛል፤ ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ ጥሩ የዲዛይን ሥራ መሆኑን ይመሰክራል። የኋላ መቀመጫዎቹ ግን ለልጅ እንጂ ለአዋቂ አይሆኑም። የፖርሽ 911 ካብሪዮሌት ከሁሉም ፈጣን ጣሪያ ካላቸው አንዱ ሲሆን በ12 ሰከንድ ገደማ ይከፈታል፤ በመንዳት ስሜት ከዚህ ዝርዝር ቀዳሚው ነው ማለት ይቻላል። ሌክሰስ ኤልሲ 500 ደግሞ ባለ 5 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተሩ ለጆሮ የሚሰጠው ደስታ ከአቻዎቹ ይለየዋል፤ ጣሪያ የሚከፈተውም በከፊል ለዚህ ድምፅ ሲባል ነው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የአውሮፓ መጽሔቶች የሚያወጧቸው የጉልበት ንጽጽሮች በባሕር ጠለል አካባቢ የተለኩ ናቸው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ባለ ቱርቦው ግን አብዛኛውን ያካክሳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተቀራረቡ ሁለት መኪናዎች የእንጦጦን ዳገት ሲወጡ እኩል አይሆኑም።

ባለቤትነት

የኮንቨርቲብል ባለቤት ከሌላው ባለመኪና የተለየ ሥራ አለበት። ሸራው በብሩሽ በሚያጥብ አውቶማቲክ ማጠቢያ ውስጥ ማለፍ የለበትም፤ በለስላሳ ብሩሽና በለዘብተኛ ሳሙና በእጅ ታጥቦ፣ በየጊዜው ውኃ የሚገፋ ቅባት ይቀባል። እርጥብ ሸራ አጥፎ ማቆየት ሻጋታን መጋበዝ ነው። የበሮቹና የጣሪያው ጎሚኒ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ የጎማ ቅባት ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ቸል የሚባለው ግን የውኃ መውረጃው ነው። በጣሪያው ማረፊያ ጠርዝ ላይ የወረደው ዝናብ በቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ ከመኪናው ሥር ይወጣል። ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ቱቦዎቹ በቅጠልና በአቧራ ይደፈናሉ፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይመለስና ምንጣፍ ሥር ይጠራቀማል። በብዙ መኪናዎች ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች ከመቀመጫ ሥር ወይም ከዕቃ መጫኛው ጎን ስለሚቀመጡ፣ በአንዲት ለስላሳ ሽቦ ሊጸዳ የሚችለው ቱቦ ከፍተኛ የጥገና ወጪ ያስከትላል። ያገለገለ ኮንቨርቲብል የሚገዛ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ምንጣፉን በመዳፉ ተጭኖ ማየት፣ ዕቃ መጫኛውን ከፍቶ ማሽተት አለበት። ከዚያ ጣሪያውን ደጋግሞ ይክፈትና ይዝጋ፤ አንዴ ብቻ ሠርቶ ማሳየት በቂ አይደለም። በአር 129 ኤስኤል ላይ የፊት መቆለፊያዎቹ ሲሊንደሮች ጎሚኒያቸው ሲያረጅ ዘይት ከፀሐይ መከላከያው በላይ ማንጠባጠብ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ እዚያ ያለ የዘይት እድፍ ለዋጋ መደራደሪያ የሚሆን ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሲሊንደሩን በሙሉ ከመቀየር ጎሚኒውን ማስቀየር በእጅጉ ይረክሳል፤ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት ግን ያስፈልጋል።

የአየር ጠባይ ሌላው መለኪያ ነው። በዱባይና በአቡ ዳቢ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ጣሪያ የሚከፈተው በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው፤ በቀሪው ጊዜ ፀሐይና አሸዋ ሸራውን እንዳይበሉት መኪናው ጥላ ሥር መዋል አለበት። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተንና አካባቢዋ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ከበረዶው ይልቅ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የወለሉን ደጋፊዎች ስለሚያዝግ፣ ባለቤቶች ክረምቱን መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ያቆሙታል። ለረጅም ጊዜ በቆመ መኪና ላይ ባትሪው እንዳይሞት የሚያቆይ ቻርጀር ማስፈለጉም አይቀርም፤ የባትሪው ጉልበት ሲወርድ የጣሪያው ፖምፓ አይሠራምና።

የወቅቱ ሁኔታ

የክፍት ቅንጦት መኪና ምርጫ እየጠበበ ነው። የሜርሴዲስ ኤስ ክላስ ካብሪዮሌት በ2020 ሲቋረጥ፣ የሲ ክላስና የኢ ክላስ ክፍት መኪናዎች በ2023 በአንድ ሲኤልኢ ተጠቃለዋል። አዲስ በር የከፈተው ኤሌክትሪክ ነው፤ ማዜራቲ በ2024 ግራንካብሪዮ ፎልጎሬን፣ ኤምጂ ደግሞ ሳይበርስተርን አቅርበዋል። በኤሌክትሪክ መኪና ወለል ላይ የሚዘረጋው የባትሪ ሣጥን አካሉን ለማጠንከር ስለሚያግዝ፣ ጣሪያ አልባነት የሚያስከትለው መጠማዘዝ በተወሰነ ደረጃ ይቃለላል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ አዲስ ኮንቨርቲብል ከውጭ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ምርጫው ከእነዚህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች መካከል ብቻ ሆኗል፤ ቀድሞ የገቡት ባለ ነዳጆቹ ግን በመለዋወጫ አቅርቦትና በባለቤቶቻቸው እንክብካቤ ላይ ተመሥርተው መንገድ ላይ ይቆያሉ።