ፓቲና ምንድን ነው? ከአባት በተወረሰ ሰዓት ላይ ያለው ወዝ

አባቴ ካረፈ በኋላ ወንድሞቼና እህቶቼ ያለ ክርክር ለእኔ የተዉልኝ የእጅ ሰዓቱን ነው። ሴይኮ 5 ነው፤ ሰንሰለቱ የላላ፣ መስታወቱ የተጫጫረ፣ ድሮ ነጭ የነበረው ፊቱ ዳር ዳሩን የሻይ ቀለም የያዘ። ያየው ሁሉ «አሳድሰውና እሰረው እንጂ» ይለኝ ነበር። እኔም ምክር ሰሚ ሆንኩና አሳደስኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፓቲና ስለሚባለው ነገር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቃሉ የጣሊያን ነው። ነሐስ ሲቆይ ላዩ ላይ የሚያወጣውን አረንጓዴ ልባስ ለመጥራት ይውል ነበር፤ እያደር ግን ዕድሜና አገልግሎት በአንድ ዕቃ ላይ የሚተዉትን መልክ ሁሉ መግለጫ ሆነ። በአማርኛ «ወዝ» ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። የደብተራ መቋሚያ እጅ የሚጨብጠው ቦታ ላይ ጠቁሮና ለስልሶ የሚያብለጨልጨው፣ የአሮጌ ዳዊት የቆዳ ሽፋን ማዕዘኑ ላይ የሚወዛው፣ ማንም ቀለም ቀብቶት አይደለም። እጅ፣ ላብና ዘመን ናቸው የሠሩት። መቋሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ «አዲስ አደረግሁት» የሚል ሰው ቢኖር ምን እንደምንለው እናውቃለን። ሰዓት ላይ ሲሆን ግን ይህንኑ ሰው ሁለት ጊዜ ሳናስብ ገንዘብ ከፍለን እንቀጥረዋለን።

በሰዓት ላይ ወዙ ጎልቶ የሚታየው ፊቱ ላይ ነው። ፊቱ በስስ ብረት ላይ የተቀባ ቀለምና በላዩ የተደረበ ቫርኒሽ ነው። ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ነጩ ወደ ቅቤ ቀለም፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጥቁር ፊታቸው ቡናማ የሆነውን ሰብሳቢዎች «ትሮፒካል» ይሏቸዋል። አስቂኙ ነገር ይህ ለፋብሪካው የቀለም ጉድለት መሆኑ ነው፤ ዛሬ ግን ለዚያው ጉድለት ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሞልቷል።

ከፊቱ ይልቅ ታሪክ ያለው ግን በጨለማ እንዲያበራ በቁጥሮቹና በቆጣሪዎቹ ላይ የሚቀባው ነገር ነው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በብዙ ሰዓቶች ላይ የሚቀባው ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበር። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በ1910ዎቹና 1920ዎቹ ይህን ቀለም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ስለነበር ብዙዎች በአጥንት በሽታ ታመዋል፤ የሞቱም ነበሩ። ከራዲየም በኋላ ጨረሩ ደከም ያለው ትሪቲየም መጣ፤ ከፊቱ ግርጌ ስዊስ ከሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግራና ቀኝ ቲ የምትባለውን ፊደል ካያችሁ እርሱ ነው። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 12 ዓመት ከጥቂት ወር ስለሆነ ከአባት የተወረሰው ዛሬ ጨልሟል፤ ቀለሙ ግን ወደ ማር ወይም ወደ ዱባ ይቀየራል፤ ለእኔ ከፓቲና ሁሉ የሚያምረው ይኸኛው ነው። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ ግን 1,600 ዓመት ነው። የአያታችሁ ሰዓት በጨለማ ማብራቱን ቢያቆምም የደከመው አብሮት የተደባለቀው ብርሃን የሚሰጠው ዱቄት እንጂ ራዲየሙ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰዓት ከፍቶ በጥፍር መፋቅ፣ እፍ ማለት አይገባም፤ አደጋው ብናኙ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው።

ታዲያ ያረጀ ነገር ሁሉ ፓቲና ነው ማለት አይደለም። ሻጮች ይህን ቃል ከወደዱት ወዲህ ዝገቱንም ሻጋታውንም በእርሱ ስም ይሸጡታል። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ወዝ ባለበት ይቆማል፣ ዝገት ይበላል። ዳሩን የገረጣ ፊት ለሃያ ዓመት ያው ነው። ቫርኒሹ እንደ ቡግር አብጦ የሚፈነዳ፣ ጥቁር ነጥቦቹ የሚበዙ፣ ቆጣሪዎቹ ላይ ቀይ ዝገት የሚታይ ከሆነ ግን ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ መዳን ያለበት ዛሬ ነው። ያልታወቀ እንደሆነ በመስኮት አጠገብ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ብርሃን ፎቶ አንሱትና ክረምቱ ሲወጣ ደግማችሁ አንሱት። ነጥቡ ካደገ ወዝ አይደለም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልመለስ። የአባቴ ሰዓት ቀፎ ከላይ እንደ ፀጉር በሚያምሩ ስስ መስመሮች የደበዘዘ፣ ጎኑ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ሰላ ያለ ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ አባቴ ብቻ ሊሠራው የሚችል ምልክት ነበረበት። መምህር ነበር፤ ክፍል እንደገባ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፣ ደወል እስኪደወል ጣቱን ጣል እያደረገ ያንቀሳቅሰዋል። የሰላሳ ዓመት የጠረጴዛ ፍትጊያ በጀርባው ላይ ክብ ክብ ጭረት ሠርቶ ነበር። የሠራልኝን ሰው አልወቅስም፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ያልኩትም «አዲስ አስመስልልኝ» ነው። አስመሰለው። በሚሽከረከር መወልወያ ጠርዙ ድቡልቡል ሆነ፣ ጭረቱ ጠፋ፣ የጀርባው ቁጥር ግማሹ አብሮ ሄደ። መወልወል ማለት ብረት መፋቅ ነው፤ የተፋቀ ብረት አይመለስም።

ስለ ቁጥሩ ማዘኔ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ሴይኮ ጀርባ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታተማሉ። አንደኛው በአራት አኃዝ ይጀምራል፣ የማሽኑ መለያ ነው፤ የአባቴ 7009 ይላል። ሁለተኛው ተከታታይ ቁጥር ሲሆን የመጀመሪያው አኃዝ የተመረተበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ወሩ ነው። በእኛ ላይ ከመወልወያው የተረፉት 2 እና 4 ናቸው፤ ሚያዝያ፣ በፈረንጆች ወይ 1982 ወይ 1992። ጥያቄውን የፈታው በ1979 ዓ.ም. ከተማሪዎቹ ጋር የተነሣው ፎቶ ነው፤ ሰዓቱ እጁ ላይ አለ፤ ስለዚህ 1982 ነው። ፎቶውን አሁን ከሰዓቱ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

የቀኑ ስም የሚታይባት መስኮትም ታወራለች። ሴይኮ ከእንግሊዝኛው ቀጥሎ የሚሸጥበትን አገር ቋንቋ ያክልበታል፤ የእኛው ዐረብኛ ነው። አክስቴ ከጅዳ እንዳመጣችለት የሚነገረው ወሬ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ሠሪው የቀኑ ስም የተጻፈባትን ስስ ዲስክ በሌላ ቀይሮልኝ ቢሆን ይህም ምስክር ይጠፋ ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ አንባቢዬን ተስፋ አልሰጥም። ሴይኮ 5 ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት የተመረተ የሠርቶ አደር ሰዓት ነው፤ ሀብታም አያደርግም። ግን በሁሉም ሰዓት ላይ ገዢ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነው፦ ፊቱ የራሱ ነው? ቆጣሪዎቹስ? ቀፎው ተወልውሏል? ይህ ሰዓት የማን እንደነበር የሚያሳይ ነገር አለ? በተለይ ፊቱ እንደገና ከተቀባ ዋጋው ይወድቃል። ከህንድ በኢንተርኔት የሚሸጡ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ፊት ያላቸው አሮጌ ሴይኮዎች አብዛኞቹ እንደዚህ የተቀቡ ናቸው። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ፊደላቸው ወፍራምና ያልተስተካከለ ነው፤ የደቂቃ መስመሮቹም ከቁጥሮቹ ጋር አይገጥሙም።

ጽሑፍ የተቀረጸበት ሰዓት «ተበላሽቷል» የሚሉ አሉ። የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና በጀርባው ላይ ሚስቱ «ተጠንቅቀህ ንዳ፣ እኔ» ብላ አስቀርጻበት ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጠ። ያችን ጽሑፍ አንድ ትጉህ ሠራተኛ ወልውሎ አጥፍቷት ቢሆንስ? በዚያው ዓመት የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ የተባለ የስዊስ ሰዓት ጄኔቫ ውስጥ በክሪስቲስ አጫራች ድርጅት ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከጨረታው ወጥቷል። የእኛ ቤት ሰዓት ያን ያህል ባይሆንም የማን እንደሆነ ከወንድምና እህት ጋር አንድ ወረቀት ላይ ተፈራርሞ ማስቀመጥ ክፉ አይደለም።

እና ምንም አይነካ ማለት ነው? አይደለም። ላዩ ይተው፣ ውስጡ ይታይ። ማሽኑ ውስጥ ያለው ዘይት በዓመታት ይደርቃል፤ ሰዓቱ እየሠራ ቢመስልም ብረት በብረት ይበላል። ሰዓት ሠሪው ዘንድ ስትሄዱ የምትሉት ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ ማሽኑን ይጠቡልኝ፣ ዘይቱን ይቀይሩልኝ፣ የውኃ መከላከያ ጎማውንም ያድሱልኝ፤ ፊቱንና ቀፎውን ግን አይንኩብኝ። የሚቀይሩት ዕቃ ካለ አሮጌውን ይመልሱልኝ።» አሮጌው ዕቃ በትንሽ ከረጢት ይቀመጥ። መስታወት ቢቀየር ብዙ አይከፋም፤ የድሮ የስዊስ ሰዓቶች መስታወት ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ታሽቶ ይጠራል።

ጀርባው ላይ ውኃ አይገባውም ተብሎ ቢጻፍም አትመኑት፤ ጎማው አርባ ዓመቱ ነው። ጠበል ስትሄዱ ወይም በጥምቀት ውኃ ሲረጭ ቤት ይቆይ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምንጥላትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብሮት አኑሩ። ከስልክና ከድምፅ ማጉያ አርቁት፤ ማግኔት የነካው ሰዓት ይፈጥናል። ባትሪ የሚበላ ከሆነና የማታስሩት ከሆነ ባትሪው ይውጣ፤ ፈስሶ ማሽኑን ያቃጥላል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። አባቴ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ቆጣሪዎች ልክ ይቆማሉ፣ ቀኑም ሌሊት ሳይሆን ሲነጋ ይለወጣል። ወራችን 30 ስለሆነ በየወሩ 31ን ይዘላታል። የጳጉሜን ግን ሥራ አለበት፤ መስከረም 1 ሲነጋ መስኮቷ 6 ትላለች፣ ወደ 1 ለመድረስ 26 ጊዜ መሄድ አለባት። ይህን ሁልጊዜ የሚያደርገው ቡናው ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ ነው። ልጅ ሆነን «አሁን አዙራት!» ስንለው «ቆይ፣ ገና ናት» ይለናል። የበዓል ወግ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ባለው ማሽን ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው ጊዜ ቀን ቀያሪው ጥርስ ተያይዞ ስለሚቆይ በእጅ ማዞር እንደሚሰብረው ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።