ፎቶ አንሺው ኬን ዶሞን

ኬን ዶሞን ፎቶ ሲያነሳ ሰው የሚያማርር ዓይነት ነበር። በ1941 (እ.ኤ.አ.) ታዋቂውን ሠዓሊ ሪዩዛቡሮ ኡሜሃራን ሊያነሳ ሄደ። አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ እያለ ሲደጋግም ሠዓሊው ደሙ ፈላ። ዶሞን የሚፈልገውም ያንኑ ፊት ነበር። ሥራው ሲያልቅ ኡሜሃራ የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ መሬት ላይ ፈጠፈጠው።

ዶሞን በ1909 በሰሜን ጃፓን በምትገኘው የወደብ ከተማ፣ ሳካታ ተወለደ። በ1935 ኒፖን ኮቦ የተባለ የፎቶና የኅትመት ድርጅት ገብቶ ሙያውን እዚያ አዳበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ካሜራ በተባለ መጽሔት ላይ የአማተሮችን ፎቶ ይዳኝ ጀመር። ለእነሱ የሚነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶ አይቀነባበርም፤ ያለውን እንዳለ አንሱ። ኡሜሃራን ያንን ያህል ያስጨነቀ ሰው እንዲህ ማለቱ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

በ1957 ሂሮሺማ ሲሄድ ቦምቡ ከተጣለ 12 ዓመት ሆኖታል። ሆስፒታል ገብቶ ግን በእሳት የተለበለቡ ሰዎች ገና ቆዳቸው ሲቀደድና ሲለጠፍ አየ። ቀዶ ጥገናውን ሳይቀር አነሳ፤ መጽሐፉም በ1958 ወጣ።

በ1959 መጨረሻ ወደ ቺኩሆ ወረደ። የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት የጃፓን አካባቢ ነው። ነዳጅ ዘይት ከሰሉን ሲተካው ማዕድኑ ተዘጋ፣ አባቶች ሥራ ፈቱ። ከፎቶዎቹ አንዱ የመማሪያ ክፍል ያሳያል። የምሳ ሰዓት ነው፤ ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ይበላሉ። ምሳ ያላመጡት መጽሔት ፊት ለፊታቸው ዘርግተው አጎንብሰዋል። የሚበላውን ላለማየት ነው። እኔ ከዶሞን ሥራ ሁሉ ይህን አልረሳም። መጽሐፉ በርካሽ ወረቀት ታትሞ በ100 የን ተሸጠ፤ ደሃም ይግዛው ብሎ ነው። ከ100,000 ቅጂ በላይ ተቸበቸበ።

ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መታው። ትንሿን ካሜራ ይዞ ልጆች እያሳደዱ ማንሳት ቀረ። ትልቅ ካሜራ በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስቀምጦ ወደማይንቀሳቀሱ ነገሮች ዞረ፤ ወደ ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች። በ1968 ሁለተኛው ስትሮክ ከዊልቸር ላይ ቢያስቀምጠውም ረዳቶቹ በጀርባቸው እያዘሉት ዳገቱን ይወጡ ነበር። የሥራው ውጤት በ5 ቅጽ ወጣ።

አብዝቶ የሚወደው ናራ ከተማ አካባቢ ያለውን ሙሮጂ የተባለ ቤተ መቅደስ ነው። ከ1939 ጀምሮ ሲመላለስበት ኖሯል፤ በበረዶ ተሸፍኖ ግን አላነሳውም ነበር። በ1978 የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል ሆስፒታል ተኝቶ በረዶ ይጠባበቅ ጀመር። በማርች አንድ ጧት ወረደለት፤ የድንጋዩን ደረጃ ነጭ ለብሶ አነሳው።

በ1979 ሦስተኛው ስትሮክ መጣ። ከዚያ በኋላ አልነቃም። ሥራዎቹን በሙሉ ለትውልድ ከተማው አበርክቶ ነበርና ሳካታ በ1983 በስሙ ሙዚየም ከፈተች፤ በጃፓን ለፎቶግራፍ ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። ያኔ ዶሞን ራሱን እንደሳተ ተኝቶ ነበር። በ1990 ሞተ።