ልጆቻችንን ለሆቴል፣ ለሱቅና ለጉብኝት ሥራ ስናዘጋጅ፦ ጅማ ላይ የሚባለውና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ጅማ ላይ በየቤቱ የሚነሳ ወሬ አለ። «ነጥብ ካልመጣለት ምን ይደረግ፣ ሆቴል ይማራ!» ይባላል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሊመዘገብ ይመጣል። እኔ እነዚህን ልጆች የማሰለጥን ሰው ነኝ። ወደኋላ የሚጎትታቸው የችሎታ ማነስ ሆኖ ብዙም አላየሁም። የሚጎትታቸው ከቤት፣ ከጎረቤት፣ አንዳንዴም ከሆቴል ባለቤቶች ጭምር የሚሰሙት ነገር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳና የማውቀውን ልንገራችሁ።

«ሆቴልማ የሚማረው ሌላው ያልሆነለት ነው»

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በሙሉ ሰነፎች ናቸው የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ደግሞስ ይሄ ሥራ ጭንቅላት አይፈልግም ያለው ማነው? አንድ ሼፍ 10 ኪሎ ሥጋ በ6,000 ብር ገዛ እንበል። አጥንቱና ስቡ ወጥቶ 7 ኪሎ ቀረው። አሁን የአንዱ ኪሎ ዋጋ 600 ብር መሆኑ ቀርቷል፣ 857 ብር ገብቷል። ይህን ሳያሰላ የጥብስ ዋጋ የሚያወጣ ሰው ቤቱ ጢም ብሎ እየሞላም ይከስራል፣ ለምን እንደከሰረም አይገባውም።

ሪሴፕሽን ላይ የምትቆመውን ልጅ ደግሞ አስቡ። 15 በመቶ ቫት አለ፣ ብዙ ሆቴሎች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም ይጨምራሉ፣ ፈረቃዋን ስትጨርስ ሂሳቡ ሳንቲም ሳይጎድል መዘጋት አለበት፣ መሃል ላይ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ተይዞ ይገኝና ሁለቱንም ሳታስቀይም መላ መፈለግ አለባት። ይህ ሁሉ ፈገግ እያለች ነው።

«እንግዳ መቀበል በደማችን ነው፣ ሥልጠና ምን ያደርጋል?»

እንግዳ መውደዳችን እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ግን ቤታችን የመጣ እንግዳና ከፍሎ ያደረ እንግዳ የሚፈልጉት ለየቅል ነው። ቤት የመጣውን «በሞቴ ብላ» እንላለን፣ እናጎርሳለን፣ ስለ ልጆቹ እንጠይቃለን። ከፍሎ ያደረው ሰው ደግሞ ደክሞት ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ሙቅ ውሃ አግኝቶ፣ ማንም ሳያናግረው መተኛት ነው የሚፈልገው። መቼ ቀረብ፣ መቼ ራቅ እንደሚባል መለየት በትምህርትና በልምምድ ይመጣል እንጂ አብሮን አልተወለደም።

ወጥ ቤት ስንገባ ነገሩ ይከብዳል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ቀይ ወጥ ከምሳ ተርፎ ምድጃው ጥግ ሲያድርና ጠዋት ለብ ተደርጎ ሲቀርብ እናት ቤት «ሲያድር ይጣፍጣል» ይባል ይሆናል፣ ሆቴል ውስጥ ግን ስልሳ ሰው ሊያሳምም ይችላል። የተረፈ ምግብ ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት። ሲሞቅም እስከ ውስጡ በደንብ መሞቅ አለበት። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ጣውላ ላይ ሰላጣ አይከተፍም።

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ አገር ያሉ የሆቴል መጻሕፍት የማይጽፉት ነገር አለ። እንግዳችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው፣ እያንዳንዱም የራሱን ሥጋ ነው የሚበላው። ስለዚህ ሁለቱን በሚያቀርብ ቤት ቢላው፣ ጣውላው፣ ድስቱ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ቦታ ሳይቀር መለየት አለበት። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ለሳምንታት፣ የጾም ምግብ ይጠየቃል፤ ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ድንች ጠብሶ «ጾም ነው» ብሎ ማቅረብ ሰው ማታለል ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓቷ ላይ ምግቡ ዝግጁ ካልሆነ ይቅርታ ብቻ አይበቃም። ተማሪዎቼን ይሄን ደጋግሜ የምወተውታቸው እንግዳው ወጥ ቤት ገብቶ አያይም፣ እኛን አምኖ ነው የሚበላው ብዬ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ሰዓት። የውጭ አገር እንግዳ «በስድስት ሰዓት ቀስቅሱኝ» ካለ የእሱ ስድስት የእኛ 12 ሰዓት ጠዋት ነው። ልጁ 6 ብሎ ከጻፈና ለቀን ተረኛ ካስተላለፈ፣ ስልኩ እኩለ ቀን ላይ ይደወላል። በረራው ግን ሄዷል። መድገምና ማረጋገጥ ነው መድኃኒቱ፦ «ከቁርስ በፊት፣ ፀሐይ ስትወጣ ማለትዎ ነው?»

«ለሴት ልጅ አይሆንም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወላጆች ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም። ሆቴልና መጠጥ ቤት በብዙ ሰው አእምሮ አንድ ሆነዋል፣ አስተናጋጅን እንደፈለገ የሚያናግር፣ እጇን የሚይዝ ደንበኛም አለ። አደጋውን መካድ ልጆቹን ማጋለጥ ነው። ግን ልጅቷን ከሙያው ማስቀረት መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ ለማስተካከል መድከም ያለብን የሥራ ቦታውን ነው።

ለመሆኑ ልጆቻችን መብታቸውን ያውቃሉ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ትንኮሳ ወይም ጥቃት ካደረሰባት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ቀን ላይ አንድ ተኩል፣ ሌሊት ደግሞ 1.75 እጥፍ ነው። የአልጋ አነጣጠፍ የምናስተምረውን ያህል ይህንንም ማስተማር አለብን ብዬ አምናለሁ።

ማሰልጠኛዎችም ልጆቹን አፓረንት፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ለሥራ ልምምድ፣ ከመላካቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። የማታ ፈረቃ ስትጨርስ በምን ነው ቤቷ የምትሄደው? ባጃጅ ማን ይከፍላል? ልብስ የምትቀይርበት የሚቆለፍ ክፍል አለ? ደንበኛ ሲያስቸግራት ለማን ነው የምትናገረው? መልስ ከሌለ ልጅ አይላክም። እንዲህ ብሎ የሚከራከር አሰልጣኝ ሲኖር ወላጅም ልቡ ይረጋል።

«እንግሊዝኛ ከቻለ አለቀ»

አላለቀም። ጅማ ሆቴል የሚያድረው ማነው? ዩኒቨርሲቲው ለስብሰባና ለፈተና የሚጋብዘው መምህር አለ፣ የቡና ነጋዴ አለ፣ ሆስፒታል ታማሚ ይዞ ከገጠር የመጣ ቤተሰብ አለ፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ የደከመው ሹፌር አለ። ለአብዛኛው መጀመሪያ የሚያስፈልገው አፋን ኦሮሞና አማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛው ከዚያ ይከተላል። እንግሊዝኛው የሚያምር፣ ግን ከገጠር የመጡትን አባት ቆሞ ሳያናግር ወደ ፈረንጁ የሚሮጥ ልጅ አላሰለጠንነውም ማለት ነው።

«ቱሪዝም ማለት ፈረንጅ ማስጎብኘት ነው፣ ጅማ ደግሞ ምን አለና?»

ይሄንን ስሰማ በጣም ነው የሚቆጨኝ። ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ከተማው አፍንጫ ሥር፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ። ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው መቆየታቸው ብቻ ለአንድ ሰዓት የሚያስወራ ታሪክ ነው። መሃል ከተማ ሙዚየሙ አለ። ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ አለ። ከሰሜን፣ ከሐረር፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አበሻም ጎብኚ ነው፤ ለተማሪዎች ጉዞ፣ ለሠርግ ፎቶ፣ ለዘመድ ጥየቃ የመጣውም እንደዚሁ።

ቡናውስ? የአረቢካ ቡና የዱር መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ናቸው። ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ የቡና መነሻ ናት ተብሎ ይተረካል፣ የካፋ ሰውም የራሱ ትረካ አለው። ጥሩ አስጎብኚ እዚህ ጋ ጠብ አይገባም። «እዚህ እንዲህ ይተረካል፣ ሳይንሱ ደግሞ እንዲህ ይላል» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ያስረዳል፤ እንግዳውም የበለጠ ያምነዋል።

ከዚህ በላይ ደግሞ አለ። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ፍሬን የሚያጠቃውን በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። 74 የሚለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመረጡበት 1974 ነው። ዛሬ እነዚህ ቁጥሮች ውጭ አገር በሚሸጡ የቡና ከረጢቶች ላይ ይጻፋሉ። ቡና ወዳጅ የሆነ ቱሪስት ቁጥሩን አይቶት ያውቃል፣ ከየት እንደመጣ ግን የሚነግረው ያጣል። የጅማ ልጅ ይህን እየነገረው፣ የታጠበውን ቡናና ጀንፈሉን (ከነልጣጩ የደረቀውን) እያስቀመሰው፣ አቦሉን ቶናውን በረካውን እያስጠበቀው ግማሽ ቀን ሊያውለው ይችላል። ይህ የሚከፈልበት ሥራ ነው።

«ሱቅ ላይ መቆም ምን ትምህርት ይፈልጋል?»

ሒርማታ ገበያ ያደገ ልጅ ንግድ ያውቃል፣ ይህን አልክድም። ግን መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ የራሱ ሕግ አለው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል፤ አዲሱን ከፊት የሚደረድር ሻጭ የድሮውን ከኋላ እያበላሸው ነው። የማብቂያ ቀን ደግሞ ከውጭ በመጣ ዕቃ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። 2025 የሚለውን አይቶ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ ለሕፃን ወተት የሚሸጥ ሰው እንዳይኖር ማስተማር አለብን።

ክፍያም ተቀይሯል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሰው ብር ይዞ መዞር እየተወ ነው። ሻጩ ማየት ያለበት የደንበኛውን ስክሪን ሳይሆን የራሱን ስልክ ነው፤ ስክሪን ሾት አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሌባ ሞልቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት እንዲከፈት ተወስኗል። እነሱ ሲመጡ የሚቀጥሩት ቆጠራ የሚያውቅ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ የተመለሰ ዕቃ በሥርዓት የሚቀበል ሰው ነው።

«አፓረንት ማለት ነጻ ጉልበት ነው»

ይሄ የባለቤቶቹ ነው፣ በግልጽ ልናገር። ልጁ ተልኮ ይመጣና ሁለት ወር ሙሉ ሽንኩርት ይልጣል፣ ሳህን ያጥባል። ሲመለስ ክፍል አንጥፎ አያውቅም፣ ሂሳብ ዘግቶ አያውቅም፣ እንግዳ ፊት ቆሞ አያውቅም። በዚያው ዓመት ያው ባለቤት «የሰለጠነ ሰው ጠፋ» ይላል። ሽንኩርቱም ይላጥ፣ ሥራ ነው፤ ግን ከወጥ ቤት ወደ መስተንግዶ፣ ከዚያ ወደ ክፍል ጽዳት፣ ከዚያ ወደ ሪሴፕሽን ይዙር። የሠራውን በየቀኑ ይጻፍ፣ ኃላፊውም አይቶ ይፈርም። ለባለቤቱም ቢሆን ሰው ሳይቀጥር በፊት ለሳምንታት አይቶት የሚያውቅበት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ተማሪውም የራሱ ስህተት አለው፦ «ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ካለፍኩ ሥራው ራሱ ይመጣል» ይላል። ሲኦሲ በሩን ያሳያል እንጂ አያስገባም። ቀጣሪ የሚያየው ትሪ ስትይዝ እጅህ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ነው።

«ዕድገት የለውም፣ ደመወዙም አያኖርም»

ግማሹ እውነት ነው። መነሻ ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፣ በግል ድርጅት ደግሞ በሕግ የተቀመጠ የደመወዝ ወለል የለም። ይህን ለልጆቹ ሳይደበቅ መንገር ያስፈልጋል፣ አለዚያ በሦስተኛው ወር ይኮበልላሉ። ዕድገት የለውም የሚለው ግን ልክ አይደለም። ከረዳትነት የጀመረ ወጥ ቤት ውስጥ የክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ ምክትል ሼፍ፣ ከዚያ ዋና ሼፍ ይሆናል፤ ሪሴፕሽን የጀመረችም ሥራ አስኪያጅ ትሆናለች። ሙያው ከተማ አይመርጥም፣ ሐዋሳም ቢሉ ዱባይ ያው ነው። ጅማ ላይ የራሱን ቡና ቤት፣ ቁርስ ቤት፣ ሱቅ የሚከፍትም አለ።

«የትም ቢማር ያው ነው»

ያው አይደለም። ከመመዝገባችሁ በፊት ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱና በዓይናችሁ እዩ። ወጥ ቤቱ ይሠራል ወይስ ለእይታ ነው? ጋዝ አለ? አልጋና አንሶላ አለ ወይስ አልጋ ማንጠፍ በሰሌዳ ነው የሚማሩት? አንድ ምድጃ ላይ ስንት ተማሪ ይቆማል? አፓረንት የሚልኩት ወዴት ነው፣ አሰልጣኙስ እዚያ ሄዶ ያያቸዋል? ያለፈው ዓመት ተማሪዎች አሁን የት እንደሚሠሩ ጠይቁ፣ አንዱን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ምድጃው አቧራ ከያዘ ሌላ ቦታ ፈልጉ።