ዕድሜና የአብራሪ ብቃት

በሁለት አብራሪ የሚበር የንግድ አውሮፕላን በዓለም አቀፍ መስመር የሚያበር ሰው 65 ዓመት ሲሞላው ከመሪው ይነሣል። አንድ አብራሪ ብቻ ባለበት የንግድ በረራ ገደቡ 60 ነው። ቁጥሩ እንደየዘመኑ ተለዋውጧል (ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ በ1959 ገደቡን 60 አደረገች፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2006 ወደ 65 ከፍ አደረገው፤ አሜሪካም በ2007 ተከተለች። እስከ 2014 ድረስ ግን 60 ያለፈ ካፒቴን ከጎኑ ከ60 በታች የሆነ ባልደረባ ሊቀመጥ ግድ ነበር።

ዕድሜ አእምሮን በሁሉም በኩል እኩል አይጎዳም። ቀድመው ከሚዳከሙት አንዱ አዲስ መረጃን ለአፍታ ይዞ እዚያው እየሠሩበት የመቆየት አቅም ነው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው በአንድ ትንፋሽ «ወደ ግራ 240 ዙር፣ ወደ 5,000 ጫማ ውረድ፣ ፍጥነት 180 ያዝ፣ በ119.1 አግኝ» ሲል አራት ነገር ተናግሯል፦ አቅጣጫ፣ ከፍታ፣ ፍጥነትና የሬዲዮ ሞገድ። በአንድ ጊዜ የሚነገረው ነገር በበዛ ቁጥር ዕድሜው የገፋው አብራሪ አንዱን ይጥላል። እየሰሙ መጻፍ፣ ተቆጣጣሪውም መልእክቱን ከፋፍሎ ማስተላለፉ ብዙውን ያቃልላል። ሁለት አብራሪ ባለበት ደግሞ አንዱ ያስገባውን ከፍታ ሌላው በጣቱ እየጠቆመ ድምፁን አውጥቶ ያረጋግጣል።

ዓይንም አለ። ከ40ዎቹ ጀምሮ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ አሜሪካ 50 ዓመት የሞላውን የአየር መንገድ አብራሪ በ40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሳይሆን የመሣሪያ ሰሌዳው በሚገኝበት በ80 ሳንቲ ሜትር ርቀትም ትፈትነዋለች። የማንበቢያው ክፍል ከታች ብቻ የሆነ መነጽር ያደረገ ካፒቴን ከራሱ በላይ ያሉትን ማብሪያዎች ለማንበብ አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል። ከላይም የቅርብ ማያ ያለው መነጽር ይህን ያስቀራል። ከጆሮ በኩል ቀጫጭን ድምፆች ቀድመው ይጠፋሉ፤ በሞተር ጩኸት ውስጥ ተቀራራቢ ቃላትን መለየት ያስቸግራል።

ልምድ ብዙውን ይደግፋል። በ2007 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት ከ40 እስከ 69 ዓመት ያሉ 118 አብራሪዎችን ለሦስት ዓመት በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል መሣሪያ) ተከታትሏል። በዕድሜ የገፉት መጀመሪያ ላይ ዝቅ ያለ ውጤት ነበራቸው፤ በኋላ ግን፣ በተለይ ሌላ አውሮፕላንን በመሸሽ፣ ውጤታቸው ከወጣቶቹ ያነሰ ነው የቀነሰው። ከፍ ያለ የብቃት ፈቃድ ያላቸውም ብዙም አልወረዱም። የሚያሳስበው ውሳኔ ላይ ነው። ጉም በሸፈነው ማኮብኮቢያ ላይ በተደረገ ሌላ የሲሙሌተር ፈተና በዕድሜ የገፉት ሳይታያቸው ለማረፍ ይበልጥ ዝንባሌ አሳይተዋል። ልምድ እጃቸውን አቅንቷል፤ «ልተወውና እንደገና ልነሣ» የሚለውን ውሳኔ ግን አላዳነም።

60 ያለፈ የአየር መንገድ አብራሪ የጤና ምስክር ወረቀቱን በየ6 ወሩ ያድሳል። ምርመራው ልብን፣ ዓይንን፣ ጆሮንና የደም ግፊትን ያያል፤ የአስተሳሰብ ፈተና አሜሪካ ውስጥ የሚታዘዘው ጥርጣሬ ሲኖር ነው። ስለዚህ ዋናው ሸክም በሲሙሌተር ፈታኙ ላይ ይወድቃል። ሲነሡ ሞተር ሲጠፋ የሚደረገውን ካፒቴኑ አሥር ጊዜ ሠርቶታል፤ እጁ ያውቀዋል፤ በዚያ ብቻ መለካት ደካማ ጎኑን ይሸፍናል። ፈታኙ ያልተጠበቀ ብልሽት፣ በመሃሉ የሚለወጥ የማረፊያ ፈቃድና ለማረፍ ከተፈቀደው ጥቂት የሚያንስ የእይታ ርቀት አንድ ላይ ሊያስገባ ይገባል።