ኢኮሎጂካል ፋላሲ ምንድን ነው?

የምርጫ ውጤትን በየወረዳው በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ካርታ መሥራት፣ እንደ ኪውጂአይኤስ እና ጂኦዳ ያሉ ነጻ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ የባለሙያ ሥራ መሆኑ ቀርቷል፤ ይህም መልካም ነው። የሚያስቸግረው ከካርታው ሥር የሚጻፈው ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ድሆች በሚበዙባቸው ወረዳዎች አንድ ፓርቲ ብዙ ድምፅ ማግኘቱን አሳይቶ፣ «እንግዲህ ድሃው ማንን እንደሚመርጥ ታየ» ሲል ደመደመ። የታየው ወረዳው እንጂ ድሃው አይደለም። ስለ አካባቢ የተገኘን ውጤት ለነዋሪው ግለሰብ መስጠት ነው ኢኮሎጂካል ፋላሲ የሚባለው።

ነገሩ የክፍል አማካይ ብቻ ተለጥፎ የተማሪዎቹ ውጤት እንደተደበቀ ዓይነት ነው። ሴቶች የሚበዙባቸው ክፍሎች አማካያቸው ከፍ ቢል፣ ከፍ ያደረጉት ሴቶቹ ይሁኑ፣ አብረዋቸው የሚማሩት ወንዶች ወይስ የተሻለ መምህር፣ ከማስታወቂያው ሰሌዳ አይነበብም። ተማሪዎቹ እንደገና ቢደለደሉ ደግሞ የአንዱም ውጤት ሳይነካ በክፍሎቹ የሴቶች ድርሻና አማካይ መካከል ያለው ተዛምዶ (ሁለቱ አብረው የመውጣትና የመውረዳቸው ልክ) ይለወጣል። የጂኦግራፊ ተመራማሪዎቹ ኦፕንሾ እና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካዋን የአዮዋ ግዛት 99 ካውንቲዎች (የአስተዳደር ወረዳዎች) በልዩ ልዩ መንገድ አቧድነው የሪፐብሊካን ድምፅን ከአረጋውያን ድርሻ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ተዛምዶው እንደ አቧዳደኑ ከአሉታዊ 1 አጠገብ (አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል) እስከ አዎንታዊ 1 አጠገብ (ሁለቱ አብረው ይጨምራሉ) ተለዋውጧል።

በአካባቢና በግለሰብ ደረጃ ተቃራኒ ውጤት መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ምርጫ ቡሽ የበረቱት ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ ግዛቶች ነበር፤ ከግለሰብ መራጮች ግን ወደ እርሳቸው ያደሉት ሀብታሞቹ ነበሩ።

«የምርጫ ጣቢያዎቹ በሺዎች ይቆጠራሉ» የሚለው መከራከሪያም አያድንም፤ ብዛት ይህን ስህተት አያርምም፣ ጎረቤት ጣቢያዎች ስለሚመሳሰሉም እያንዳንዳቸው እንደ ራሱን የቻለ ምስክር አይቆጠሩም።

ከወረዳ ቁጥር በእርግጠኝነት የሚገኘው ወሰን ነው። ከመራጮቹ 90 በመቶው ድሃ ሆኖ ፓርቲው 80 በመቶ ድምፅ ካገኘ፣ ድሃ ካልሆኑት 10 በመቶዎቹ ሁሉም መርጠውት ቢሆን እንኳ ከድሆቹ ቢያንስ 78 በመቶ ገደማው መርጠውታል። ድሆቹ 60 በመቶ፣ የፓርቲው ድምፅ 55 በመቶ ሲሆን ግን ወሰኑ ከ25 እስከ 92 በመቶ ይለጠጣል፤ በዚህ መካከል ያለውን ቁጥር የሚመርጠው መረጃው ሳይሆን የተንታኙ ግምት ነው። ልብ ይባል፣ ስሌቱ የሚሠራው የድሆቹ ድርሻ ድምፅ ከሰጡት ሰዎች መካከል ሲታወቅ ነው፤ የሕዝብ ቆጠራ የሚሰጠን ግን የነዋሪውን ድርሻ ነው፣ ድምፅ ሳይሰጥ የቀረውንም ይጨምራል።