ቀናቸው ያለፈ ብሮች፦ የቆዩ የብር ኖቶችን ለማስታወሻና ለስጦታ መሰብሰብ

በኢትዮጵያ የቆየ የወረቀት ብር ማስቀመጥ በአመዛኙ የገንዘብ ቅያሬ የወለደው ልማድ ነው። ኖት በተቀየረ ቁጥር ቀነ ገደቡ ያለፈበት ብር በየሣጥኑ ሥርና በየመጽሐፉ ገጽ መካከል ተጣጥፎ ይቀራል። አንዳንዱ ተረስቶ ነው፤ አንዳንዱን ግን ባለቤቱ «ይቺስ ትቀመጥ» ብሎ አውቆ ያስቀረው ነው። ሰብሳቢው የሚያድነው ይህንን ትራፊ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ኖቶች ያወጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1915 ነበር። ሕዝቡ የሚያምነው ግን ሲጥሉት የሚጮኸውን ጠገራ ብር ስለነበር፣ ወረቀቱ ከነጋዴና ከውጭ አገር ሰው እጅ ብዙም ሳይርቅ ቆየ። ዛሬ እነዚህን ኖቶች ማግኘት ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ቦታውን የተረከበው የኢትዮጵያ ባንክ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ጎን ለጎን የሚታዩበት ባለ 2 ብር ኖት አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ባለ 2 የወረቀት ብር አልወጣምና ለስጦታ ቢገኝ ከዚህ የተሻለ አይታሰብም። ኢጣሊያም በወረራው ዘመን ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቷ ልዩ ጽሑፍ ያተመችባቸው የሊሬ ኖቶች ነበሯት፤ የሚፈልጓቸው የታሪክ ወዳጆች ናቸው።

ብዙ ቤት ውስጥ የሚገኘው ግን «የጃንሆይ ብር» ነው። የመጀመሪያው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ወጣ። በአማርኛ «ብር» ሲባል በእንግሊዝኛው ግን «የኢትዮጵያ ዶላር» ይል ነበር። ኖቶቹን ያወጣው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥዎች ያኔ አሜሪካውያን ስለነበሩ ፊርማው የእነርሱ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ገዥ ምናሴ ለማ የፈረሙባቸው የመጡት ኋላ ነው። አዋቂ ሰብሳቢ ኖት ሲይዝ ከምስሉ በፊት ዓይኑን የሚጥለው ፊርማው ላይ ነው፤ ዋጋውን የሚለየው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና።

በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ምስል ያነሳ አዲስ ብር አወጣ፤ «ብር» የሚለው ስምም ያኔ በእንግሊዝኛው በኩል ገባ። ባለ 1 ብሩ ላይ የታየው ልጅ ሥርዓት ተለውጦ በ1989ኙም ኖት ላይ ቀጥሏል፤ ጀርባው ጢስ ዓባይ ነው። በ2002 ዓ.ም. የ1 ብር ሳንቲም ከመጣ በኋላ ወረቀቱ ከገበያ እየጠፋ ሄደና ዛሬ ልጁን በአካል ያላየ ትውልድ አድጓል። ርካሽ ግን ልብ የሚነካ ስጦታ ከፈለጋችሁ እርሱን ፈልጉ።

ለልደት የተወለዱበትን ዓመት ኖት መስጠት የሚወድ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ የደርግ ዘመን ብሮች በየትኛውም ዓመት ይታተሙ የሚያሳዩት 1969ን ነው፤ ዘመናቸው የሚታወቀው በአመዛኙ በፊርማው ነው። ከ1989 ወዲህ ያሉት ግን የታተሙበትን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ይዘዋል። የመጨረሻው ትልቅ ቅያሬ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ ሆነ፤ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀየሩ፣ ባለ 200ም ተጨመረ። የመቀየሪያው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ስለነበር፣ አሮጌውን መቶ ብር ለማስታወሻ ያስቀረ ሰው ዛሬ የማይገበያዩበት ወረቀት ይዟል።

በስጦታ በኩል ልማዱ ከቅርስ ይልቅ አዲስነትን ይወዳል። እንቁጣጣሽ ላይ የአበባ ሥዕል ይዘው ለሚመጡ ልጆች፣ በዒድም ለታናናሾች፣ ያልታጠፈ ብር መስጠት ያስደስታል፤ ለዚህም ከበዓል በፊት ባንክ ቤት አዲስ ኖት የሚለምን ይበዛል። ቁጥሩ ተከታታይ የሆነ ጥቅል ካገኙማ ሙሽራ ይመረቅበታል።

ገበያው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በቸርችል ጎዳና ባሉ የባህል ዕቃ መደብሮች የቆየ ብር ከሳንቲምና ከመስቀል ጋር ተደርድሮ ይታያል፤ «የጃንሆይ ነው» መባሉ ብቻ ውድ አያደርገውም፤ በብዛት የታተሙና ተጎሳቁለው የቀሩ አሉና። ዋጋ ያለው ያልታጠፈው፣ ያልቆሸሸው፣ ጠርዙ ያልተበላው ነው። ለማሳመር ማጠብና መተኮስ፣ በተለይም ላሚኔት ማስደረግ፣ ኖቱን ይጎዳል። ከፀሐይ ርቆ፣ ወረቀት የሚጎዳው ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ በሌለበት ኪስ መቀመጥ በቂው ነው። በእስክሪብቶ የተጻፈበት ኖትም ለሰብሳቢ ወደቀ ማለት ነው፤ አባት የመጀመሪያ ደመወዙን ቀን ከጻፈባት ባለ 5 ብር ጋር ወደ ሻጭ የሚሄድ ግን እምብዛም የለም።